ካሴቱ ያልጨረሰው ጨዋታ

እናቴ ስትናደድብኝ «እድላዊት፣ አንቺ ጥያቄሽን ይዘሽ ነው የተወለድሽው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ስድስት ዓመቴ ላይ የማልጠይቀው ነገር አልነበረም። ትልልቅ ሰዎች ግን ልጅ ሲጠይቃቸው ግማሹን መልሰው ግማሹን ይውጡታል፤ የተዋጠውን ደግሞ እኔ ከራሴ እሞላዋለሁ። አጎቴን እንድሪያስን ለብሔራዊ ቡድን ያሰለፍኩት በዚህ መንገድ ነው።

እንድሪያስ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በልጅነቱ ከደጋው መንደር ከኦቾሎ ወርዶ ሲቀላ ከተማ እኛ ቤት ተማረ፤ ሲያድግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ በፋብሪካው ቡድን ውስጥም በግራ መስመር ይጫወት ነበር። «ጋሼ በይው» እየተባልኩ እንድሪያስ የምለው፣ እሱም ቅር የማይለው ሰው ነው። አስራ አንድ ቁጥር ቢጫ ማሊያ ነበረችው። እናቴ ወርቄ ስታጥባት «ይቺ ማሊያ ከባለቤቷ በላይ ሳሙና በላች» ትላለች።

ቤታችን ውስጥ አቧራ እንዳይነካው በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ አንድ ካሴት ነበር። በ1980 ታኅሣሥ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ፣ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ ለዋንጫ የተጋጠሙበትን ጨዋታ እንድሪያስ ከሬዲዮ ቀድቶታል። ያኔ እሱ ተማሪ ነው፤ እኔ አልተወለድኩም። የአባቴን ቴፕ ሬዲዮኑ ፊት አስቀምጦ ቁልፉን ተጫነ። ስለዚህ ካሴቱ የቀዳው ስታዲየሙን ብቻ ሳይሆን ቤታችንንም ነው። በሕዝቡ ጩኸት መሃል የእንድሪያስ ድምፅ «ኧረ ዝም በሉ!» ሲል ይሰማል። አንድ ጊዜ ያስነጥሳል። አንድ ጊዜ ደግሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «በግራ! በግራ በኩል ስጠው!» ብሎ ይጮሃል።

ካሴቱ ጉድለት ነበረበት። መለያ ምት ተጀምሮ፣ ልብ ሁሉ ተሰቅሎ፣ መቺው ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲመለስ ቀጭ ብሎ ያልቃል። ቀሪውን የሚጨርሰው እንድሪያስ ራሱ ነው። ከበርጩማው ይነሳና በጋዜጠኛው ድምፅ «ይንደረደራል… መታ… ገባ! ገባ! ገባ!» ብሎ እኔን ትከሻው ላይ ሰቅሎ የግቢውን ማንጎ ይዞራል። እናቴ ከጓዳ «ልጄን ጥለህ ትሰብርብኝና!» እያለች ትወጣለች፤ ወጥታ ግን እልል ትላለች። እኔም ከሷ ተምሬ በማይረባ ምላሴ እልል እላለሁ።

የውድድርን ነገር ያስተማረኝም እሱ ነው። ጎረቤት አገሮች ይሰባሰባሉ፤ በምድብ ይጫወታሉ፤ አንዱን ጨዋታ ብታሸንፊ ሌላ አለ፤ ከዚያ ግማሽ ፍፃሜ፣ ከዚያ ፍፃሜ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዋንጫ በልቶ ወደ ቤት ነው። ውድድሩ ሳያልቅ ቤቱ የሚመለስ ተጫዋች አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አይቼ አላውቅም ነበር።

በ1990 ክረምት ላይ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ማዳመጥ አበዛ። ፊት ለፊታችን ያለው የጋሽ ረሺድ ሱቅ ማታ ማታ በወንዶች ይሞላል። ማንም ስኳር አይገዛም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ባትሪ ድንጋይ ለመግዛት ስላክ «ጎረቤት»፣ «ድንበር»፣ «አገር» የሚሉ ቃላት እሰማለሁ። ጋሽ ረሺድን «ከማን ጋር ነው?» አልኩት።

«ከጎረቤት ጋር ነው ልጄ። ወላሂ፣ ከገዛ ጎረቤት ጋር!» አለና እንደማልቀስ ብሎ ከረሜላ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ከጎረቤት ጋር እንደሆነ ከእንድሪያስ ስለማውቅ ሐዘኑ አልገባኝም።

አንድ ጠዋት እናቴ እጄን ይዛ ወደ ኳስ ሜዳው ከነፈች። ሜዳው በጎረምሳ ተሞልቷል። ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰውዬ ያሯሩጣቸዋል፤ ሌላው ቁመታቸውን በእንጨት ይለካል፤ ጥርስ ሁሉ ያያሉ። ከሚሮጡት ፊት ፊት ያለው እንድሪያስ ነው። በደስታ ዘለልኩ።

«እንድሬ! በእማዬ ሞት ይዤሃለሁ፣ ውጣ!» ብላ እናቴ ጮኸች።

እንድሪያስ እጁን አውለበለበና መሮጡን ቀጠለ። አጠገባችን የቆመች ሴት «የኔ እህት፣ ተመርጦ የለም እንዴ፤ ከእንግዲህ ምን ታደርጊዋለሽ» አለቻት። እኔ እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። ወንድሟ ሲመረጥ የምታዝን ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት? አፈርኩባት።

ዛሬ እናቴ ስትነግረኝ፣ እንድሪያስ ማንም አላስገደደውም። ከፋብሪካው ቡድን በረኛው ሚካኤል ቀድሞ ተመዝግቦ ነበር። «ሚኪ ሄዶ እኔ እዚህ ኳስ ስለጋ ልዋል?» አላት። ወርቄ ይህን አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ በሱ አነጋገር ነው የምትደግመው።

የሄዱ ቀን ከበሮ ነበር፣ ባንዲራ ነበር፣ ለተጓዦቹ ዳቦና ሙዝ የሚያድሉ ሴቶች ነበሩ። እንድሪያስ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት አጎንብሶ «ምን ላምጣልሽ?» አለኝ።

«ዋንጫ።»

ሳቀ። ቀና ሲል ግን ፊቱን ወደ መኪናው አዞረና ሳያየኝ ወጣ። ቸኩሎ መሰለኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ካሴቱን የምትከፍተው እናቴ ሆነች። አባቴ ቢሮ ሲውል፣ በሩን ዘግታ፣ ድምፁን ቀንሳ። ጨዋታውን አትከታተልም፤ ማን ኳስ እንደያዘ ብትጠየቅ አታውቅም። «ኧረ ዝም በሉ!» ሲል ትስቃለች። ሲያስነጥስ ቴፑን አቁማ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። እንደገና ያስነጥሳል። እንደገና ትመልሰዋለች።

እኔም በሩ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር። ሰውዬው ሄዷል፤ ድምፁ ስታዲየሙ ውስጥ ነው፤ «በግራ ስጠው» እያለ ኳስ ይለምናል። ያ ካሴት ድሮም ከእንድሪያስ ጋር ያዳመጥኩት ነው ብዬ አላሰብኩም። ድምፁ የጎረምሳ መሆኑንም አላስተዋልኩም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር።

«እማዬ፣ እንድሪያስ እኮ ጉንፋን ይዞታል። ለምን ጋቢ አንልክለትም?»

እናቴ ቴፑን ዘጋች። «እንልክለታለን» አለች።

ለምን እውነቱን እንዳልነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ጠይቄያታለሁ። «አነጋገርሽ የእርግጠኛ ሰው ነበር። እኔም ጉንፋን ብቻ ይሁንለት ብዬ ተመኘሁ» አለችኝ።

ጭንቀት ማለት ምን እንደሆነ ያን ዓመት አወቅሁ። ካሴቱ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ቀጭ ይላል። መቺው ኳሷን አስቀምጧል፤ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ከዚያ ምንም የለም። «ገባ» የሚለው ሰው የለም። ሲደጋገም መቺው ራሱ እንድሪያስ እንደሆነ ደረስኩበት፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ቢስትስ? እንድሪያስ የፋብሪካው ቡድን በሱ ጥፋት የተሸነፈ ቀን ሰው ላለማየት በጓሮ በኩል ነበር የገባው። ለአገር ስቶማ እንዴት ብሎ ሲቀላ ይገባል? ምግብ አልወርድ አለኝ። የሐለኮ ቅጠል ቅቅል የምወደው ልጅ ሰሐኑን መግፋት ጀመርኩ። ቀኝ እግሬን ሳላስቀድም ደጃፉን ከተሻገርኩ ይስታል ብዬ ተመልሼ እገባለሁ፤ እንደገና እወጣለሁ። አባቴ ብዙነህ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ለወስፋት አስመረመረኝ።

የካቲት ላይ አንድ ከሰዓት ሲቀላ በጥሩምባ ተናወጠች። መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ይዞራሉ፤ ልጆች ባንዲራ ለብሰው ይሮጣሉ፤ ጋሽ ረሺድ ሱቅ ፊት ሰው ይተቃቀፋል። «አሸነፍን!» ይላል ሁሉም። ነፍሴ ተመለሰች። እየበረርኩ ቤት ገብቼ «እማዬ! አሸነፍን! እንድሪያስ አገባ!» አልኳት።

እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች።

ወጥቼ ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ካሸነፍን ለምን ታለቅሳለች? ከዚያ የእንድሪያስ ትምህርት ትዝ አለኝ፤ ይህ ግማሽ ፍፃሜው ነው፤ ፍፃሜው ገና ነው። እናቴ ያን ቀን የምታስበው ድሉ ስንት ሰው እንደወሰደ ነበር። ሬዲዮው ቁጥሩን አልተናገረም።

ክረምቱ ሲገባ ሚካኤል፣ በረኛው፣ ተመለሰ። እኛ ቤት አልመጣም። ጋሽ ረሺድ ሱቅ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አገኘሁት። በረኛ እግሩን መሰበሩ አልገረመኝም።

«ሚካኤል! ጨዋታው አለቀ?»

ሚካኤል ወደ ጋሽ ረሺድ ዞረ። ጋሽ ረሺድ ሚዛኑን ያብሳል።

«ለኔ አልቋል፣ ሚጣዬ» አለ ሚካኤል።

«እንድሪያስስ? መታ?»

ሰውዬው አፉን ከፈተና ዘጋ። ጋሽ ረሺድ ያላዘዝኩትን ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ «ይኼን ለእናትሽ አድርሺ፣ ሩጪ! ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ፣ ሚካኤል መጣ እንዳትይ» አለኝ። ያን ምሽት አባቴን ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ክፍል ጠሩት። ሲመለስ እራቱን አልበላም፤ እናቴ «ምን ሆንክ?» ስትለው «ራሴን አሞኛል» አለ።

መርዶ በኛ አገር ለዘመድ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ሌሊቱን ጎረቤት ተመካክሮ። ለልጅ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። በነጋታው ገና ሳይነጋጋ የጋሽ ረሺድ ሚስት እትዬ ኸይሪያ ከነብርድ ልብሴ አቅፋ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ከልጇ ከረይሐና ጋር ቀኑን ሙሉ ያሻንን ሆንን። የማይነካው ቁምሳጥን ተከፈተልን፤ ብስኩት እስኪያንቀን በላን፤ ማንም አልተቆጣንም። ከመንገዱ ማዶ ጩኸት ስሰማ እትዬ ኸይሪያ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። ሰው ቤታችን ተሰብስቦ ፍፃሜውን እየሰማ፣ እኔን ያስቀሩኝ መሰለኝና አኮረፍኩ።

በማግስቱ አባቴ መጥቶ ወሰደኝ። እናቴ ቀድማ ወደ ኦቾሎ ሄዳለች አለኝ። በመኪና እስከ ዳገቱ ሥር ሄደን ከዚያ በእግር ወጣን። ጉም ነበር። ጉሙ ሲገለጥ አባያ ሐይቅ ከታች ቀይ ሆኖ ይታያል።

«አባባ፣ ወዴት ነው የምንሄደው?»

«አያትሽ ጋ።»

«ለምን?»

«ለእንድሪያስ… ሰው ተሰብስቧል።»

«ጨዋታው አለቀ?»

አባቴ ቆመ። በሰው ፊት የማያፍር፣ ቢሮው ውስጥ ከአለቃው ጋር የሚከራከር ሰው ነው። ዓይኑን ከሐይቁ ላይ ሳያነሳ «አዎ፣ ልጄ። አልቋል» አለ። ከዚያ ትከሻው ላይ አወጣኝ። የደከመኝ መስሎት ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ፊቴን ላለማየት ነው።

ከከተማ ለቅሶ በቀር ሌላ ለቅሶ አላውቅም ነበር። የከተማ ለቅሶ ድንኳን ነው፤ ሰው ጥቁር ለብሶ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላል። በጋሞ ደጋ ግን ለቅሶ ሜዳ ላይ ይወጣል። ወንዶቹ በየመንደራቸው ተቧድነው፣ ጦር ይዘው፣ ቀንድ እየነፉ፣ እየዘመሩና እየሮጡ ይገባሉ፤ ሜዳውን ይዞራሉ፤ የሟቹን ልብስ ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ ጀግንነቱን ያወሳሉ። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ። ዙሪያውን ሕዝብ። በአንድ ወገን አንድ ቡድን እየዘመረ ይገባል፤ በሌላው ወገን ሌላ ቡድን ይጠብቀዋል፤ ከዚያ እየሮጡ ይገናኛሉ። ቀንድ ይነፋል፣ ምድር ትንቀጠቀጣለች። ከፊት የሚሮጠው ሽማግሌ፣ የአያቴ ወንድም ኦይታ፣ ጦሩን ወደ ሰማይ ቀስሯል፤ በጦሩ ጫፍ ላይ አስራ አንድ ቁጥር ቢጫዋ ማሊያ ትውለበለባለች።

ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የተቋጠረው ሁሉ ተፈታ። መታ። አልሳተም። ሰዎቹ መሃል ሜዳ ላይ ደርሰው ጦራቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝማሬው ለአፍታ ተቋረጠ፤ ሜዳው ጸጥ አለ። እኔ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ፣ ሁለት እጄን አንስቼ፣ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ እልል አልኩ።

አባቴ እግሬን ጭምቅ አደረገው። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አስከሬን በሌለበት፣ ፎቶና ልብስ ብቻ ተይዞ በሚለቀስበት ሜዳ ላይ እልልታ የሚሰማው የተለቀሰለት ሰው በሕይወት ሲመጣ ብቻ ነው። እኔ አላውቅም፤ እነሱ ግን ያውቃሉ። ከሴቶቹ ወገን ፀጉሯን የተላጨች፣ ፊቷን የቧጠጠች አሮጊት ብድግ አለች። አያቴ ሻሺቱ ናት። እኔን አላየችም። ያየችው ከጀርባችን ያለውን መንገድ ነው።

በጋሞኛ ጮኸች። ጋሞኛዬ ትንሽ ቢሆንም ይህን ሰማሁት። «ልጄ መጣ!» ነው ያለችው።

ሮጠች። ሰባ ዓመት የተጠጋት ሴት በሜዳው መሃል፣ በጦረኞቹ መካከል ሰንጥቃ ሮጠች። ከኋላዋ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። ወንዶቹ አንገታቸውን ወደ መንገዱ አሰገጉ፤ አንዱ ጦሩን ጥሎ ጥቂት እርምጃ ተራመደ። ያን ጊዜ ሜዳው በሙሉ እንድሪያስን ይጠብቅ ነበር። ከአባቴ ትከሻ ተንሸራትቼ ወርጄ አያቴን ተከተልኩ። ቀድሜ ልይዘው።

መንገዱ ቁልቁል ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ደረስኩባት። ከታች ጉም ብቻ ነው። አያቴ እጄን ያዘች። ፈገግ ብላለች፤ ጥቂት የቀሩ ጥርሶቿ ይታያሉ። ሁለታችንም ወደ ታች አየን። አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ ከጉሙ ወጣች፤ ሰላም ብላን አለፈች። ከዚያ ማንም አልወጣም።

እናቴ እያለከለከች ደረሰች። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልነካችኝም፤ አያቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ኦይታ መጣ፤ ጦሩንና ማሊያዋን ከኋላው ደብቋል። ጎንበስ ብሎ በጋሞኛ ቀስ እያለ ያናግራት ጀመር። አያቴ አታዳምጠውም። እንደገና ጀመረ፤ መሃሉ ላይ ተወው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ቆሙ። ለአንዲት እናት የአንድ ልጅ መርዶ ሁለት ጊዜ ማን ይነግራል?

አያቴ ፊቷን ወደኔ መለሰች። እኔን የምታናግረኝ በአማርኛ ነው፤ አማርኛዋ ደግሞ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው።

«አንተ ነህ እልል ያልከው» አለችኝ። «እነዚህ ተዋቸው። አንተ ንገረኝ። መጣ? አልመጣም?»

እንደ ልማዴ ልጠይቅ ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ ያን ቀን ምንም አልደበቀችኝም። ፊቷ እንዳለ ክፍት ነበር፤ እኔ ከራሴ የምሞላው አንድም ክፍተት አልነበረም። ሚካኤል አፉን ከፍቶ የዘጋውን፣ እትዬ ኸይሪያ ሬዲዮኑን ከፍ ያደረገችበትን፣ አባቴ ሐይቁን ያየበትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አወቅሁ።

«አልመጣም» አልኳት።

አያቴ እጄን አልለቀቀችም። ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች፤ የጠየቀችውን ሰው አምናለችና።

«አልመጣም» አለች እሷም። ከዚያ ወደ ደረቷ ሳበችኝ። «በል እንግዲህ፣ ልጄ። አልቅስ።»